እትዬ በመሮጫው ላይ

ፕሮፌሰሯ ዕድሜዋን የፈጀችው ሰው ሲሮጥ ገላው ውስጥ የሚሆነውን በማጥናት ነው። ስመ ጥር ሯጮች ጭምብል አጥልቀው፣ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ በላብራቶሪዋ የመሮጫ ማሽን ላይ እስኪዝሉ ይሮጡላታል፤ እሷ ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን ስክሪን ላይ ትከታተላለች። ራሷ ግን ለአውቶቡስ እንኳ ሮጣ አታውቅም። «ሰው ስታስሮጪ ኖርሽ እንጂ፣ ያንቺ እግር ለወጉ ነው» እያለች ታላቅ እህቷ ትስቅባት ነበር።

ያቺ ሳቂታ እህት የልብ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ዝም አለች። ሐኪሟ «አሁን እንደ ልብሽ ተራመጂ» ቢላትም፣ ኑሮዋ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ሆነ። የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባት የምትጠብቅ ይመስል፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቀስታ ትተነፍሳለች።

አንድ ከሰዓት ፕሮፌሰሯ ደግፋ ላብራቶሪ አመጣቻት። ሯጮቹ ሄደዋል፤ ሐኪሟ ብቻ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በሰፊው መስኮት የገባው ፀሐይ ወለሉን ማር የፈሰሰበት አስመስሎታል።

«እዚህ ላይ ውጪ፣ እትዬ። አንቺ ተራመጂ፣ ልብሽን እኔ አይልሻለሁ።»

«ቀጥ ቢልስ?»

«ሐኪምሽ ይኸው አጠገብሽ ቆሟል። እኔስ የት ሄጄ?»

ጭምብሉን አጠለቀችላት፣ ሽቦውን ደረቷ ላይ ለጠፈችላት፤ ማሽኑ እያንሾካሾከ ተንቀሳቀሰ። እህት መያዣውን ጨምድዳ ያዘች፤ እየቆየ ጭብጧ ላላ፣ ዓይኖቿም በሐሳብ ስልምልም አሉ። ስክሪኑ ላይ የልቧ መስመር እንደ ሩቅ ኮረብታ ከፍ ዝቅ ይላል። ፕሮፌሰሯ እያየችው ክፍሉን ረሳችው። ልጆች ሳሉ፣ ባንድ አልጋ ሲተኙ፣ ጆሮዋን እህቷ ጀርባ ላይ ለጥፋ ያንን ድም ድም እየሰማች ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው ደረት ውስጥ ስትፈልገው የኖረችው እሱን ነው!

«ደከመሽ እንዴ?» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ዝም በይ፣ አታናግሪኝ» አለች እህት ከጭምብሉ ስር፣ እያለከለከች። «ዳገቱን ልጨርሰው ነው።»

መሮጫው ዳገት አልነበረውም። ማንም አላረማትም።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰሯ ጠዋት ጠዋቱን ልባቸውን ለሚፈሩ ሰዎች ሰጠች። «ሻምፒዮን ትታ በሽተኛ ታስሮጣለች» ብለው ያሟት ባልደረቦች አልጠፉም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እህቷ ደግሞ በር ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ፈርቶ የሚያመነታውን ሁሉ ትቀበላለች።

«ግቡ፣ አይዟችሁ። እሷ እንደሆነች ከራሷ በቀር የማታስሮጠው ሰው የለም።»