ትከሻህ ጠማማ ነው

የዚያ ሰፈር ወንዶች ግማሾቹ ትከሻቸው ጠማማ ነው። ቆይ፣ አትሳቁ። ሲወለዱ እንዲያ አልነበሩም፤ ጠማማ ነህ ተብለው አምነው ነው። ማን አላቸው? ልብስ ሰፊው! ሐኪም ቢላቸው ሌላ ሐኪም ጋ ሄደው ያጣሩ ነበር። ልብስ ሰፊ ሲላቸው ግን አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ ግራ ትከሻቸውን በቀኝ እጃቸው እየዳበሱ ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰው ስለ ራሱ ክፉ ሲነገረው ለማመን የሚቸኩለው ነገር እኔን ሁልጊዜ ያበግነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው በደህናው ጊዜ የተዋጣለት ቆራጭ ነበር፤ ይህን አልክድም። ኮት ሲቆርጥ እንደ ሌላው ሰፊ ጨርቁን አጥፎ ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ አይቆርጥም። "አጥፎ መቁረጥ የሰነፍ ነው!" ይላል። መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ ለየብቻ። ጥሩ፤ እጁ ደህና ሳለ ማን ከለከለው? ታሞ ከተነሳ ወዲህ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀኙን ጥርሱን ነክሶ እንደምንም ይወጣዋል። ግራው ላይ ሲደርስ እጁ ይዝላል፤ ትከሻው ጋ መቀሱ ወደ ታች ያመልጠዋል። ደንበኛው ሊሞክረው ሲመጣ ኮቱ በግራ በኩል ዘጭ ይላል። አሁን ይሄ ሰውዬ "ይቅርታ፣ እጄ ነው" የሚል መስሏችሁ ከሆነ አታውቁትም። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደንበኛውን ከላይ እስከ ታች ያየዋል።

"ወንድሜ፣ ግራ ትከሻህ ዝቅ ያለ ነው። ታውቃለህ?"

ደንበኛው አያውቅም። ከየት ያውቃል?

"አይዞህ፣ ትከሻው ሥር ስፖንጅ ደርበን እናስተካክለዋለን" ይለዋል፣ ያውም አዝኖለት።

ስፖንጁን የምትሰፋው የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። አምጥቶ ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ መርፌ ያስያዛት እሱ ነው። ሃያ ዓመት አልፏት እንኳ "ሚጢጢ" ነው የሚላት፤ ደንበኛውም ተከትሎ ሚጢጢ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ታድራለች፤ ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ የስፌት መኪናዋ ላይ ናት። የተቆረጠው ጨርቅ እጇ ሲገባ ግራው ወርዶ መቆረጡን ዓይኗን ጨፍናም በጣቷ ታውቀዋለች። ታዲያ ምን አደረገች? ዝም። ዝም ብቻ ብትል ደግ ነበር፤ ስፌቱን ሳብ፣ ስፖንጁን ወፈር እያደረገች ሸፈነችለት። እሷ ስትሸፍንለት እሱ እጁ የዳነ መሰለው። መሸፈን ያቃታትን ደግሞ በደንበኛው ትከሻ አላከከ። እንዲህ ነው ፍቅር ሲጃጃል።

"ጋሼ ያሳደገኝ ነው" ትላለች ለራሷ። "በየት አፌ እጅህ ይንቀጠቀጣል እለዋለሁ? ቢቀየመኝስ? ከቤት ውጪ ቢለኝስ?" አንጀቷ እያረረ ትሰፋለች። መቀሱንማ ነክታው አታውቅም። በዚያ ቤት መቀስ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው የቤቱ ሰው የልብስ ሰፊው የሟች ሚስቱ ወንድም ነው፤ ልብሱን በካውያ የሚተኩሰው። ይሄ ደግሞ በራስ መተማመን የሚያስተምር ሥልጠና ገብቶ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ፊት ቆሞ ደረቱን እየደቃ "እችላለሁ! እችላለሁ! እችላለሁ!" ይላል። ምን እንደሚችል ግን ጠይቀነው ነግሮን አያውቅም። "ሠልጣኙ" የሚል ስም ወጣለት፤ እሱ ማዕረግ መስሎት ደስ አለው።

"የአንቺ ችግር ምን መሰለሽ፣ ሚጢጢ?" ይላታል እያተኮሰ። "በውስጥሽ የተኛውን አንበሳ አልቀሰቀስሽውም።"

አንድ ቀን መሯት "እንግዲያው አንተ ንገረው" አለችው።

"ማንን? ጋሼን? ምን ቆርጦኝ! እኔ የካውያ ሰው ነኝ፤ መቀስ ምን አገባኝ?"

አንበሳ ነው እንግዲህ ይሄ። ልብስ ሰፊው ሲያስነጥስ እንኳ ካውያው ከእጁ ሊያመልጠው ይደርሳል።

በዚህ መሃል አንድ ለግላጋ ወጣት እናቱ የገዛችለትን ግራጫ ሱፍ አቅፎ መጣ። መምህር ሆኖ ተቀጥሯል፤ ተማሪ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆምበትን ኮት ፈልጎ ነው። ቀጥ ያለ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ልጅ ነበር። ኮቱን ሊሞክር የመጣ ቀን ያው የተለመደችው ነገር ተነገረችው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ሚጢጢ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ሰማች። ሰምታም ስፖንጁን ደርባ ሰፋችው። እግዜር ይይላት!

ለሁለተኛው ሙከራ ተመልሶ ሲመጣ በሩ ላይ ያየችው ሌላ ሰው ነው። ግራ ትከሻውን ወደ ላይ ሰቅሎ ጆሮው ሥር አድርሶታል። አንገቱ አዘንብሏል። አረማመዱ ሳይቀር ተቀይሯል። ልብስ ሰፊው ያንን ስፖንጅ የታጨቀበትን ኮት ሲያለብሰው ግራው ሽቅብ ተነሳ፤ ጉብ አለ።

ልብስ ሰፊው አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"አሃ! አሁን ደግሞ ቀኙ ወርዷል!"

ኧረ በሕግ አምላክ! ወጣቱ ግን አልሳቀም። ኮቱን ቀስ አድርጎ አውልቆ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ ኮቱ ይቅርብኝ" አለ። "ሥራውም ይቅርብኝ።"

"ምን ማለትህ ነው? ኮቱን እኮ እናስተካክለዋለን!"

"ኮቱን አይደለም፤ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወት ባየሁ ቁጥር ትከሻዬን ነው የማየው። እናቴን ጠየቅኳት፤ 'ልጄ፣ እኔ እንዲያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም' አለችኝ። እናት ስለሆነች ነው ብዬ አላመንኳትም። ተማሪ ደግሞ ምንም አያመልጠውም፤ ገና ፊታቸው ስቆም ስም ያወጡልኛል። ነገ ሄጄ ሥራውን አልፈልግም ልላቸው ነው።"

ሚጢጢ መኪናዋን አቆመች። መጀመሪያ ያደረገችው ሠልጣኙን ማየት ነው፤ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ቢችል ብላ። ሠልጣኙ አንዴ የተተኮሰውን ሱሪ መልሶ ሊተኩስ አቀርቅሯል።

"ትከሻህ ደህና ነው" አለች።

ድምጿ ለራሷም አልተሰማት፤ አጎቷ ግን ሰምቷል።

"ምን አልሽ?"

እዚህች ላይ "ምንም" ማለት ትችል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችው ነው፤ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ። ተነሥታ ቆመች።

"ትከሻው ደህና ነው ጋሼ። የወረደው አቆራረጡ ነው። ከታመምክ ወዲህ ኮት ስትቆርጥ ግራው ይወርዳል፤ የሱ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም። እኔ ነኝ በስፖንጅ ስሸፍን የኖርኩት።"

የሚቃጠል ነገር ሸተተ፤ ሠልጣኙ ካውያውን ሱሪው ላይ ረስቶት ኖሯል። እችላለሁ ባዩ የሰው ሱሪ ማቃጠል ቻለ።

"አንቺ!" አለ አጎቷ፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ እጁም። "ማን ጠየቀሽ? መርፌ ያስያዘሽ ማነው?"

"አንተ ነህ ጋሼ።"

"ታዲያ እኔን ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?"

"አይደለም። ግን ከእንግዲህ ስፖንጅ አልደርብም። ብታስወጣኝም አልደርብም።"

እንዲህ ስትል እንባዋ መጥቶ ነበር፤ አልጠረገችውም። ልብስ ሰፊው ወደ መደርደሪያው ሄደና ለራሱ ኮት ያስቀመጠውን ጥቁር ሱፍ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። መቀሱንም ጨመረበት።

"አዋቂ ከሆንሽ ይኸውልሽ! በይ ቁረጪለት! ቁረጪና እንይሽ!"

ሊያሸማቅቃት ነው፤ መቀሱን እንደማትነካ እርግጠኛ ነው። እሷም እርግጠኛ ነበረች። ከዚያ ወጣቱን አየችው፤ ትከሻው አሁንም ጆሮው ሥር ነው። ሜትሩን አነሳች።

"ትከሻህን ልቀቀው" አለችው።

"እንዴት?"

"ዝም ብለህ እንደ ድሮህ ቁም።"

"ድሮ እንዴት እንደምቆም ጠፋኝ" አለ፤ የእውነቱን ነው።

በሁለት እጇ ትከሻዎቹን ይዛ ወደ ታች ጫን አደረገችለት። ለካችው። ጥቁሩን ሱፍ ለሁለት አጠፈችው። አጎቷ "አጥፎ መቁረጥ..." ብሎ ጀመረና ዋጠው። በሳሙና ምልክት አድርጋ መቀሱን ስታነሳ እጇ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠ።

"አያችሁ! አያችሁ!" አለ ልብስ ሰፊው እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። "የሷም ይንቀጠቀጣል!"

"ይንቀጠቀጣል፤ ፈርቼ ነው" አለች። "በሰው ትከሻ ግን አላላክክም።"

ቆረጠችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የሲኦል ነበሩ። አጎቷ አኮረፋት። ማዕድ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ "ውሃ አቀብይኝ በላት" ይላል ለሠልጣኙ፤ እሷ ውሃውን ስታቀብለው ወደ ግድግዳ እያየ ይቀበላታል። ትልቅ ሰው ነኝ ባይ! መቀሱን ትቶት ጥግ ይዞ የቁልፍ ቀዳዳ ሲሠራ ይውላል፤ እሱም ያስቸግረዋል፣ ግን አይናገርም። ሠልጣኙ ደግሞ በሹክሹክታ "እኔ እኮ ነኝ አንበሳውን ያስቀሰቀስኩሽ" ይላታል፣ በሩ ላይ ዓይኑን ጥሎ። ሚጢጢ ማታ ክፍሏ ገብታ ታለቅሳለች። ልብሷን ጠቅልላ ልሂድ ትልና፣ ኮቱ ሳያልቅ የት አባቷ ትሄዳለች?

ወጣቱ መጣ። እናቱ እየለመነችው ሥራውን ገና አልተወውም፤ ትከሻውን ግን እንደ ሰቀለ ነው። ኮቱን አለበሰችውና ትከሻዎቹን ጫን አደረገችለት። ትከሻው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ፤ ቀኝም ግራም እኩል። ወጣቱ መስታወቱን አየ፤ አላመነም፤ ወደ ጎን ዞሮ አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

እጅጌው አጥሯል። ሁለቱም። አጥፋ ስለቆረጠችው ሁለቱም እኩል አጥረው የእጁ አንጓ ባዶውን ወጥቷል።

ልብስ ሰፊው የቁልፍ ቀዳዳውን ትቶ ቀና አለ። ሚጢጢ እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አደረገችው፤ አልደረሰም። ያንን ሁሉ ተናግራ! ለዚያውም ለራሱ ያስቀመጠውን ሱፍ!

ሠልጣኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደመ። የቤቱን ቋንቋ አሳምሮ ያውቀዋል።

"ወንድሜ፣ እጅህ እኮ ረጅም ነው!" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "እንዲህ ዓይነት እጅ አይቼ አላውቅም። አይዞህ፣ እናስተካክ..."

ወጣቱ ደንግጦ፣ ግራ ትከሻውን መልሶ ሰቅሎ፣ እጆቹን አየ። ሊሰበስባቸው ሲል ሚጢጢ ያዘችው።

"እጅህ ምንም አልሆነም" አለችው፤ ለሁሉም እንዲሰማ። "አሳጥሬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስለካህ ፈርቼ ስለነበር ተሳሳትኩ። ጫፉ ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ አለ፤ ፈትቼ አስረዝመዋለሁ። ላይበቃ ይችላል።"

ወጣቱ ትኩር ብሎ አያት። ከዚያ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሙሉ አፉ ሳቀ። ሲስቅ ግራ ትከሻው ሳያውቀው ከጆሮው ሥር ወርዶ ቦታው ገባ።

"እጄ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ትከሻዬስ?"

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ከጥግ በኩል ግን ሌላ ድምፅ ቀደማት። ልብስ ሰፊው መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ተነሥቷል። ሚጢጢን አያያትም፤ ወጣቱን ነው የሚያየው። ጉሮሮውን ጠረገ፤ እንደገና ጠረገ።

"ትከሻህ ድሮም ደህና ነበር፣ ልጄ" አለ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ቀጥሎ ምን እንደሚባል ከሦስቱ የቤቱ ሰዎች አንዳቸውም አላወቁም። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ አያውቅማ!