ደረጃ የሚወርደው ሽታ

ልብስ ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ፣ የስፌት መኪናዋን ሸፍና የወዳደቀውን ክር ከለቀመች በኋላ፣ የሞተ ባሏን ትጠራው ነበር። የምትጠራው ግን በስሙ አልነበረም። ከአልጋው ሥር አንዲት ጣሳ ታወጣለች፣ ክዳኗን ትፈታለች፣ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ታደርጋለች፤ ጨርቁንም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሥራ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ትወሽቀዋለች። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ክፍሉ ወዲያው ሙዝ ሙዝ ይላል፤ ልጣጩ የጠቆረ፣ ከመብሰልም አልፎ የለሰለሰ ሙዝ። ባሏም ይመጣል።

ሟቹ የቤት ዕቃ ቀቢ ነበር። ቁምሳጥኑን፣ ጠረጴዛውን፣ የሕፃን አልጋውን ሁሉ በቫርኒሽ መስታወት ያስመስለው ነበር። ቫርኒሹን የሚያቀጥንበት ቲነር እንደ ፍሬ ስለሚሸት የሰፈሩ ሰው «ሙዜ» ብሎ ሰየመው፣ እናቱ ያወጡለት ስምም በዚያው ተረሳ። እሱ ግን ሽታውን ቤት አላስገባም ባይ ነበር። ካፖርቱን ውጭ ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ፣ መጀመሪያ ምድር ቤት እናቱ ጋ ጎራ ብሎ ነው ወደ ሚስቱ የሚወጣው። ያም ሆኖ ከጆሮው ጀርባ የምትቀር ትንሽ ሽታ ነበረች። ሚስቲቱ የወደደችው እሷን ነው።

«ይሄ ነገር አታላይ ነው» ይላት ነበር ጫማውን እየፈታ። «ፍሬ መሰለሽ እንጂ እሱና ክብሪት እሳትና ጭድ ናቸው። ደግሞ ትነቱ ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ሽቅብ አይልም፤ ወለል ለወለል ይሳባል። ደረጃ ካገኘ ይወርዳል። ታች እሳት ከጠበቀው ደግሞ እሳቱን ይዞ በመጣበት ይመለሳል።»

እሷ እያዛጋች ትሰማው ነበር። ባሏ የሥራውን ነገር ሲያወራ አዛግታ የማታውቅ ሚስት ካለች እሷ ትፍረድባት።

ሲሞት ደግሞ ቲነሩ ምንም አላደረገውም። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ልቡ ቀጥ አለ፣ አበቃ። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ቤቱ ጭር አለ፣ ካፖርቱም ቀን በቀን ሽታው እየሳሳ ሄዶ ተራ ጨርቅ ሆነ። እሷን የጎዳት ይሄኛው ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲሞት ማየት ከባድ ነው።

ስለዚህ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ይዛ ባሏ ይሠራበት ወደነበረው ሥራ ቤት ሄደች። እዚያ የባሏ የቅርብ ጓደኛ ነበር፤ ሠራተኛውን ሁሉ «ቀስ በል» ከማለት ስለማይቦዝን ስሙ ራሱ ቀስ በል ሆኖ የቀረ ሽማግሌ ቀቢ።

«ጋሼ፣ ቁምሳጥኔ ላይ ቀለም ፈሶብኝ ነው። ትንሽ ቲነር ቢሰጡኝ» አለችው።

«በዚህ ፕላስቲክ?» አለ ቀስ በል፣ ዕቃውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ቲነሩ ሊበላው ይችላል። ባይበላውም የጠማው ሰው ውሃ መስሎት ያነሳዋል።» ከመደርደሪያ አንዲት የቆርቆሮ ጣሳ አውርዶ፣ ቀስ ብሎ ቀዳላት፣ ክዳኗንም አጥብቆ ዘጋ። «መስኮት ክፈቺ። እሳት አታስጠጊ። ስትጨርሺ ወዲያው ክደኚ።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ቤታቸው ጠባብ ፎቅ ነው። ላይ አንድ ክፍል፣ ታች አንድ ክፍል፣ መሃል ላይ በር የሌለው የእንጨት ደረጃ። ላይ እሷ፣ ታች አማቷ ይኖራሉ። አማቷ ጆሯቸው ከበድ ያለ፣ አፋቸው ግን ቀለል ያለ ሴት ናቸው፤ ካገባች ስንት ዓመት ሆኗት ዛሬም «ሙሽራዬ» ነው የሚሏት። ሻያቸውን የሚያፈሉት በላምባ ምድጃ ነው። ክብሪት ከመጫራቸው በፊት ሳጥኑን ጆሯቸው ሥር አድርገው ቅጭል ቅጭል ያደርጉታል፤ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ነው ይላሉ። ምኑን እንደሚሰሙት እሳቸው ያውቃሉ።

ላይኛው ክፍል ውስጥ ነገሩ እንደ ሕልም ይሄድ ነበር። ሽታው ሲመጣ ትከሻዋ ይላላል፣ ግድግዳው የራቀ ይመስላታል፣ ባሏ መጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ አጠገቧ ይቀመጥና ጫማውን ይፈታል። አያወራም። እሷም አታወራም፤ ብታወራ የሚበተን ይመስላታል። ነገር ግን ብዙ አይቆይም። ትንሽ እንደተቀመጠ ሽታው ይሳሳል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ሄደብኝ ትላለች። ተነስታ ጨርቁ ላይ ትጨምራለች፣ አሁንም ይጠፋል፣ አሁንም ትጨምራለች። ሲመሽ ራሷን ይፈልጣታል፤ እሷ ግን ሐዘኑ ነው ብላ በሻሽ ታስረዋለች።

ጣሳዋ ውስጥ ያለው ሲያልቅ ተመልሳ ሄደች።

«ስንት ቁምሳጥን ነው ያለሽ እህቴ?» አለ ቀስ በል።

«ሁለት» አለች። ውሸት ሲዋሹ ቁጥር መጨመር ምን ይጠቅማል፣ ግን ከአፏ ወጣ።

ሽማግሌው አላመናትም። የጓደኛው ሚስት ናትና እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ቀዳላት። «ቅዳሜ መጥቼ ቁምሳጥኖቹን አያቸዋለሁ» ብሎ ሸኛት።

ቅዳሜ ዝናብ ጣለ። መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ የቀስ በልን ነገር ጭራሽ ረስታ፣ ጣሳዋን አወጣች። ባሏ መጣ። ወዲያው ደግሞ እንደ ልማዱ መሳሳት ጀመረ። «ቆይ» አለችው በልቧ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ ጣሳዋን ስታዘነብል ከእጇ አመለጠች። ፈሳሹ ወለሉ ላይ ፏ አለ። ደንግጣ መነሳት ነበረባት፤ አልተነሳችም። ሽታው እንደዚያ ሞልቶ አያውቅምና ባሏም እንደዚያ ሙሉ ሆኖ መጥቶ አያውቅም። የአንገቱን መሸብሸብ፣ ጥፍሩ ሥር የቀረችውን ቫርኒሽ ሳይቀር አየች። ደስ አላት። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ እሱ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አለችው፣ ላለማውራት የምትጠነቀቀውን ረስታ።

«እናቴ ጋ ወርጄ ልምጣ» አላት፣ ወደ ደረጃውም አመራ።

ስንት ዓመት ያዛጋችበት ወሬ ያኔ መጣባት። ደረጃ ካገኘ ይወርዳል። ዓይኗን ስትገልጥ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ወለሉ ላይ የፈሰሰው ግን በጣውላው ስንጥቅ ለስንጥቅ ሄዶ ደረጃው አፍ ላይ ደርሷል። ከታች ደግሞ ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ድምፅ ይሰማል።

«እማማ!» ብላ ጮኸች። ያ ጆሮ የት ሊሰማ። ደረጃውን ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በመቀመጫዋ ወረደችው። አማቷ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው ክብሪቷን ሳጥኑ ጎን ላይ አሳርፈዋል። ሮጣ እጃቸውን ከነክብሪቱ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች።

«ምን ሆንሽ ሙሽራዬ? ሻይ ልጥድ ነው» አሉ።

«አይለኩሱ። እንውጣ እማማ፣ እንውጣ።»

በሩን ስትከፍት ቀስ በል ጃንጥላውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ቁምሳጥን ሊያይ። አንዴ በአፍንጫው ሳበ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። አማቷ ቤቱ ስለጨለመባቸው እጃቸውን ወደ መብራቱ ማብሪያ ሰድደው ነበር።

«እናቴ፣ ማብሪያውን አይንኩት፤ እሱም ብልጭታ አለው» አለና በምልክትም አሳያቸው። «ምንም ሳትነኩ ውጡ።»

በሩን ወለል አድርጎ ትቶ ሁለቱን ከመንገዱ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ ክፈፍ ሥር አስቀመጣቸው። ሲጋራ ይዞ በዚያ ሊያልፍ የነበረን ሰውም በሌላ መንገድ መለሰው። የታችኛውን መስኮት ከውጭ ከፈተና እንደ ስሙ ቀስ አለ፤ ነፋሱ ቤቱን አጥቦ እስኪጨርስ ወደ ውስጥ እግሩን አላነሳም።

«ቁምሳጥን የለም አይደል?» አላት እስከዚያው።

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም ነገረችው፤ ጨርቁን፣ ካፖርቱን፣ ባሏ ሲመጣ፣ ሽታው ሲጠፋ፣ እሷ ስትጨምር። አፍራ መሬት መሬት እያየች ነው የነገረችው። ቀስ በል አልሳቀባትም።

«ሽታው እኮ አልሄደም ነበር» አላት፣ አማቷም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አፍንጫሽ ነው የተኛው። እኛም ሥራ ቤት ስንገባ ይሸተናል፣ ትንሽ ስንቆይ ምንም የለም። ስለዚህ አፍንጫችንን አናምነውም፤ ይሽተትም አይሽተት መስኮት እንከፍታለን።»

«የሄደ ሲመስለኝስ?»

«ሙሉውን እዚያው ነበር።»

ይህን ስትሰማ ልቅሶው መጣ። ሄደ፣ ሄደ እያለች ስትጨምርበት የከረመችው ክፍሉን እስከ ጉልበቷ ሞልቶት ነበር። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል እንዲሉ አማቷም አብረዋት ያለቅሱ ጀመር። የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩና፣ «እኔንም ይሸተኝ ነበር» አሉ።

«ምኑ እማማ?»

«የልጄ ሽታ ነዋ። ጆሮዬ ቢደክም አፍንጫዬ አልደከመም። ከሰዓት ሲሆን በደረጃው ይወርድና ክፍሌ ይገባል። ልጄ መጣ እላለሁ። ሲገባ ሻይ እንደሚወድ ታውቂያለሽ፤ ተነስቼ ምድጃውን እለኩሳለሁ። ብነግርሽ አማቴ ጃጀች ትያለሽ ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

እሷ ላይ ሆና ስትጠራው፣ እሳቸው ታች ሆነው ክብሪት ይጭሩለት ኖሯል። ቀስ በል ጃንጥላውን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። «ጠብታ ስለነበረ ነው እስከ ዛሬ የተረፋችሁት» አለ በመጨረሻ። ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ገብቶ ጣሳዋንና የራሰውን ጨርቅ ይዞ ሄደ። ካፖርቱን ግን እሷ ራሷ አውጥታ ሟቹ ይሰቅለው በነበረው የውጭ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ከሰዓት፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ አማቷ ምድጃቸው ፊት ተቀምጠው ክብሪቱን ጆሯቸው ሥር ቅጭል ቅጭል አደረጉ። አልጫሩትም። ሙሽራቸውን ቀና ብለው አዩ።

«አሁንስ አለ?» አሏት።

አሸተተች። ምንም አልሸተታትም፤ ግን አፍንጫዋን አላመነችውም። ደረጃውን አየች፣ መስኮቱን አየች። በመስኮቱ በኩል ካፖርቱ ገመዱ ላይ እጅጌውን ነፋስ እያነሳው ይታያል።

«ውጭ ነው ያለው እማማ» አለቻቸው ጆሯቸው ጋ ጠጋ ብላ። «ይለኩሱ።»

አማቷ ክብሪቱን ጫሩ።