ከሚስቱ እጅ በቀር

«ሞት ግዝት ይፈታል» አለ ጎረቤቱ ካሣሁን፣ አረቄ የሞላውን መለኪያ ወደ ወገኔ አፍንጫ እያስጠጋ። «እሷ የለች፣ ግዝቱም የለ። ጨልጣት! ሐዘን ደረቅ ጉሮሮ አይወድም።»

ወገኔ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ደብቋል። ብርድ የለም፤ እየተንቀጠቀጡ አስቸግረውት ነው። ሚስቱ አሰለፈች የተቀበረችው ከትናንት በስቲያ ነው፤ ዛሬ ሠልስቷ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የሚዞረውም አረቄ ከመታመሟ በፊት ያወጣችው የራሷ አረቄ ነው። «ነፍሷን ይማር፣ ጥሩ አድርጋ አውጥታዋለች» እያሉ ይደግሙታል።

አሰለፈች ልጇን ያሳደገችው አረቄ እያወጣች አርብ ገበያ በመሸጥ ነበር። ከደንበኞቿ ሁሉ ታማኙ ባሏ ነው፤ የማይከፍለውም እሱ ብቻ።

ልታስጥለው ያልሞከረችው የለም። ጸበል ወሰደችው፤ ሲመለስ በረደኝ ብሎ ጠጣ። ሬት ጨመረችበት፤ መድኃኒት ነው ብሎ ደገመ። ጀሪካኑን ደበቀችበት፤ በሬ ቢጠፋበት እንዲያ አይፈልግም። መካነ ኢየሱስ ከተማ የምትማረው ልጃቸው ትርሲት ደግሞ ደውላ፣ «ስልኬ ላይ አንብቤያለሁ፣ ሲያምረው ውኃ ይጠጣ» አለች። ውኃም ጠጣ፣ አረቄውንም ጠጣ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው አባ ገብረ ሥላሴ ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ጨርሶ ተው ብለው አይገዝቱት። ያፈርሰውና ይብስበታል። ከእኔ እጅ በቀር ከማንም እጅ እንዳይቀምስ ይገዝቱልኝ። ከራሱም እጅ ቢሆን።»

አባም ገዘቱት። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ራሷ ትቀዳለት ጀመር፤ መጀመሪያ ሙሉ መለኪያ፣ ቆይታ ጎደል፣ ቆይታ ግማሽ። ሲነጫነጭባት «ነገ እጨምርልሃለሁ» ትለዋለች። ነገ ትቀንስበታለች። ከፋሲካ ወዲህማ የቀረችው ምላስ ማርጠቢያ ብቻ ነበረች። ሴትዮዋ ቀድማው ትሞታለች ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም፤ አባም፣ እሷም።

«አባ፣ እርስዎ ይፍረዱ እስቲ» አለ ካሣሁን፣ ድንኳኑ ውስጥ ወደተቀመጡት የንስሐ አባት ዞሮ።

አባ ገብረ ሥላሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግዝቱ እንዳለ ነው። ካልቻልክ ግን ልጄ፣ ንገረኝና ልፍታህ።»

ወገኔ አፉን ከፈተ። ይፍቱኝ ሊል ነበር። ሚስቱ ማታ ማታ ስትቀንስ የከረመችው ሁሉ በአንድ ቃል ተመልሶ ሊሞላ ነው። አፉን ዘጋ። ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ኧረ መላ አለው!» አለ ካሣሁን። «ትርሲት ትቅዳለት! የእናቷ ሥጋ አይደለች? እጇስ የማን ሆነና?»

ድንኳኑ ተስማማ። «ቁርጥ የአሰለፈችን እጅ!» አሉ አንዲት አሮጊት። አባ መሬት መሬት አዩ። ለቀብር የመጣችው ትርሲት የአባቷን መንቀጥቀጥ ማየት አቅቷት ነበርና ጠርሙሱን አነሣች። መለኪያውን እስከ አፉ ሞላችው። የተረፈው በጣቶቿ ላይ ወረደ።

«እንካ አባዬ» አለችው እንባዋ እየቀደማት። «ትንሽ እንኳ ይቅለልህ።»

ወገኔ ጣቶቿን አየ። እውነትም የእናቷ ናቸው። አረቄው ከጣቶቿ ላይ ሸተተው፤ ምራቁን ዋጠ።

«አስቀምጪው» አላት፤ ድምፁ በግድ ነው የወጣው።

ተነሣ። ከድንኳኑ ደጃፍ የእጅ ማስታጠቢያውን ጆግ አንሥቶ መጣ።

«አምጪ እጅሽን።»

«ኧረ አባዬ፣ ነውር ነው! እኔ ላስታጥብህ እንጂ።»

«አምጪ አልኩሽ።»

እጁ አልታዘዝ ብሎት ግማሹ ውኃ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። ካሣሁን ሊቀበለው ተነሣ፤ አልሰጠውም። የአረቄው ሽታ እስኪለቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሸ አጠባቸው። ውኃው አልቆ እንኳ ጆጉን እንደዘቀዘቀ፣ እጇን እንደያዘ ቆመ።