ጌቶች የተቀመጡበት መደብ

ቸኮል ጎፋ ያለውን አሮጌ ቤቱን ለሰው ሲያሳይ የሚጀምረው ከመደቡ ነበር። «ፊታውራሪ ቅድመ አያቴ ከባላባቶች ጋር የሚመክሩት እዚህ ላይ ነው» ይልና እንግዳውን ቁጭ ያደርገዋል። መደቡ ጠባብ ስለሆነ እንግዳው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ቸኮል ግን የድሮ ሰው ቀጭን ነበር ብሎ ያልፈዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያልሰማ የዕድር አባል የለም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማም የለም።

ለነገሩ ቤቱ ያኮራል። ጎፋ ገጠር በነበረችበት ዘመን በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፤ ምሰሶዎቹ ጥድ ናቸው፤ ከፊታውራሪው ሰፊ ግቢ ሳይፈርስ የቀረውም እሱ ብቻ ነው። አሁን ሰፈሩ ለልማት ሊነሳ ነው። በቅርስነት ካልተመዘገበ ቤቱም አብሮ ይፈርሳል። ቸኮል የተወለደው እዚያ ነው፤ ሌላ ቤት መኖር አያውቅበትም። ፈርቷል።

የቅርስ ባለሙያዋ ውዳሴ ሜትርና ባትሪ ይዛ ስትመጣ ክራቫት አስሮ ጠበቃት። እሱ ሲተርክላት እሷ ተንበርክካ መደቡን ታንኳኳለች።

«ጋሼ ቸኮል፣ ይሄ መደብ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «ግርግም ነው፤ በኋላ በጭቃ ተሞልቶ ነው። ወለሉም ወደ በሩ ያዘነበለው ሽንት እንዲፈስ ነው። የጌቶቹ ቤት ድሮ ፈርሷል። ይሄ የበቅሎ ጋጣው ነው።»

ቸኮል እዚያ ላይ ያስቀመጣቸውን ሰዎች አሰበ፦ የነፍስ አባቱን፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ አማቱን። ራሱም በሠርጉ ቀን ከነካባው ግርግሙ ላይ ተጎልቶ ፎቶ ተነስቷል። ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ ሰቅሎታል።

«እና ይፈርሳል?»

«እንዲያውም! የጌታ ቤት ብዙ መዝግቤያለሁ፤ እንዲህ ሙሉውን የቆየ የበቅሎ ቤት ግን አላየሁም። የቀረኝ የእርስዎ ቃል ነው። ቅድመ አያትዎ እዚህ ምን ይሠሩ እንደነበር ጎረቤት ፊት ይናገሩና ይፈርማሉ።»

ቸኮል ቤቱን የጌታው ቤት ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ ቅድመ አያቱ የፊታውራሪው በቅሎ ጠባቂ እንደነበሩ ግን አባቱ ነግረውታል። ገበያነሽን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ሰሞን፣ ዘውድ ሳይጭን ፊታውራሪ ብሎ የሾማቸው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ መሻሪያው ጠፋው።

ግቢው ውስጥ የዕድሩ ዳኛ ኢያቄምና ጎረቤቱ ጫልቱ ከሚስቱ ከገበያነሽ ጋር ተቀምጠዋል። ቸኮል ወደ እነሱ ወጥቶ ክራቫቱን ፈታ።

«ስዋሻችሁ ነው የኖርኩት። ቅድመ አያቴ ፊታውራሪ አልነበሩም። በቅሎ ጠባቂ ነበሩ።»

«ጨረስክ?» አለውና ኢያቄም ቅጹን ዘረጋለት። የእሱና የጫልቱ ፊርማ ሰፍሯል፤ ከበላዩ «በቅሎ ጠባቂው የኖሩበት» ተብሎ ተጽፏል። «ልጅቷ ጠዋት መጀመሪያ የመጣችው እኛ ጋ ነው። አያቶቻችን እኮ ጎረቤታሞች ነበሩ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም ትሉኛላችሁ?»

«ስታወራ ደስ ይልሃላ» አለች ጫልቱ።

ወደ ሚስቱ ዞረ። ገበያነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፤ እሷም ታውቅ ነበር።

ቸኮል እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ብዕሩን ተቀበለ። ቅጹ የቅድመ አያት ስም ይጠይቃል። «ዘለቀ» ብሎ ጻፈ። ሰውዬውን በስማቸው ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነበር፤ ዕንባው መጣ።