ከዴንማርክ እስከ ደሴ

ገዛኸኝ መርሳ ከተማ ከዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ዮርዳኖስ። ስምንት ዓመት የሞላት ጊዜ፣ መለዋወጫ ሊገዛ ደሴ ሄዶ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ባለሥዕል የዓለም አትላስ ገዛላት። ባሕሩ ላይ ዓሣ ነባሪ፣ በረዶው ላይ ነጭ ድብ የተሳለበት፣ ጭኗን የሚሸፍን ትልቅ መጽሐፍ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እረፍት ነሣችው። "አባዬ፣ ጃፓን ሲመሽ እኛ ጋ ለምን ገና ቀን ይሆናል?" "ሎጎ ሐይቅ ለዓሣ ነባሪ ይበቃዋል?" ስሟን የወንዝ ስም ሆኖ ያገኘችው ዕለትማ መጽሐፉን ለሰፈሩ ሁሉ አዙራ አሳየች። ቅር ያላት መርሳን ስታጣ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ላይ የተሳለው አንበሳ ነበር። "እኛስ?" ብላ አኮረፈች። ገዛኸኝ እስክሪብቶ አውጥቶ ከአንበሳው ጭራ አጠገብ ነጥብ አደረገላት። "ይኸው፣ እዚህ ነን።"

በዓመቱ ስኳር በሽታ እንዳለባት ታወቀ። ኢንሱሊኑን ጠዋት ማታ የምትወጋት እናቷ የሺ ናት። ዮርዳኖስ መርፌውን ከቁብም አልቆጠረችው፤ የጤና ጣቢያዋን ነርስ አይናለምን፣ "ይሄ የት ነው የሚሠራው?" ብላ ጠየቀቻት።

"ዴንማርክ የሚባል አገር።"

ቤት ገብታ ፈልጋ አገኘችው። ከነጥባቸው እስከዚያ በጣቷ ለካች። "አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም!"

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ መርሳ ገባ። ጎረቤቱ ወደ ደሴ ሲሸሽ ገዛኸኝ፣ "ሳምንት አይቆይም፣ ያልፋል" ብሎ ቀረ። አላለፈም። መብራትና ስልክ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የፋርማሲው መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። የሺ የቀረውን መድኃኒት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከእንስራው ጎን እያስቀመጠች፣ መጠኑን በየቀኑ ትቀንስ ጀመር። ልጅቱ ከሳች፤ ውኃ ውኃ አለች።

አንድ ጠዋት አትላሷን ገልጣ ተቀምጣለች። "አባዬ፣ መድኃኒቴ አሁን የት ደርሷል?"

"ደሴ አለ ይላሉ።"

"ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ደሴ ከደረሰ፣ ከደሴ ወዲህ ምን ያዘው?"

ገዛኸኝ ብድግ አለ። ወጥቶ ጫማውን አጠበቀ።

"ይዣት ልሂድ" አለ ለሚስቱ።

"በዚህ አቅሟ? ሜዳ ላይ ትቀርብኛለች። አንተ ሂድ፤ እኔ እያብቃቃሁ አቆያታለሁ።"

ዋናው መንገድ ውርጌሳ ላይ ተኩስ ስለነበረበት፣ ግራና በምትባለው ከተማ በኩል ተራራውን ያዘ። አብዱልጀሊል የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ግማሽ ቀን መሩት። "አባቴ፣ አንቱ ባይኖሩ ገደል ገብቼ ነበር" ቢላቸው፣ "አብሽር ልጄ፣ አላህ ያድርስህ" ብለው መረቁት። በሦስተኛው ቀን ደሴ ገባ። አንድ ሐኪም ነገሩን ሰምቶ አራት ብልቃጥ ኢንሱሊን ከበረዶ ጋር በፔርሙስ አድርጎ ሰጠው።

ሲመለስ አምባሰል ላይ ውጊያ ተነሣ። ስድስት ቀን ሙሉ የሰው ቤት ተጠግቶ ቆየ። በረዶው ሲቀልጥ የምንጭ ውኃ እየቀየረ፣ ብልቃጦቹን እንደ ጫጩት ይጠብቅ ነበር። ተኩሱ ጋብ ባለ በማግሥቱ ሳያርፍ ገሠገሠ።

መርሳ ረፋዱ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ያየችው ጎረቤቱ አሚና ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

"መቼ?" አላት።

"ሐሙስ። ዛሬ አራተኛ ቀኗ። ገዛኸኝዋ፣ አላህ ያጽናህ።"

የሺ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ገዛኸኝ አጠገቧ ተዘረፈጠ። የሺ መሬት መሬቱን እያየች ነገረችው።

"እስከ መጨረሻው፣ 'አባዬ የት ደረሰ?' ትለኛለች። እኔ ካርታ መች አውቃለሁ? ያንን የአንበሳ ገጽ ገልጬ ጣቴን አሳርፋለሁ፤ 'እዚህ ነው' እላታለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አቀርብሃለሁ። ሐሙስ ለት፣ 'ደጅ ደርሷል' አልኋት።"

ገዛኸኝ ፔርሙሱን አንሥቶ ከድንጋይ ሊያጋጨው ሲል እጁን ያዘችው።

አይናለም ከሰዓት በኋላ ለልቅሶ መጣች። ፔርሙሱን አየችው፤ ለመናገር ግን አፍራ አቀረቀረች።

"ተናገሪ" አለቻት የሺ።

"ሲሪንቃ አንድ ልጅ አለ፤ አቤል ይባላል። መድኃኒቱ ከትናንት ወዲያ አልቆበታል።"

የሺ ተነሥታ ፔርሙሱን አቀፈችው፤ ከዚያ ሰጠቻት። "ፀሐዩ ሳያሞቀው ድረሺ።"

በታኅሣሥ መንገዱ ሲከፈት የአቤል እናት ልጇን ይዛ ልታመሰግን መጣች። የሺ ልጁን ሳመችው፣ አገላብጣ ሳመችው፣ አበላችው። ገዛኸኝ ከጋራዡ ሆኖ ስሙ ሲጠራ ሰማ፤ የተኛበትን የጭነት መኪና ሥር ግን አልለቀቀም። "መጣሁ፣ ይቺን ብሎን ላጥብቅ" እያለ እንግዶቹ እስኪሄዱ እዚያው ቆየ።