«ወፍ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ

በ2003 ዓ.ም. አባቴ አቶ ሳህሌ ካንሰር እንደያዘው እንዳያውቅ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። የአንጀቱ ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ጉበቱ ላይ ሁለት የካንሰር ፍሬ ተገኘ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «መድኃኒት በደም ሥሩ እንሰጠዋለን። ካነሰልን ቀደን እናወጣዋለን። ግን ቶሎ ይሁን» አለኝ። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቀኝ የነበረው አባቴ ምን እንዳሉኝ ሲጠይቀኝ፣ አፌ ላይ የመጣውን ተናገርኩ።

«ጉበትህን ነው። የወፍ በሽታ ነው አሉ።»

እፎይ አለ። እኔም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ።

እኛ አቃቂ ግን ሽማግሌው ሁሉ ስለ ወፍ በሽታ አንድ ነገር ያምናል፦ ወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ ይሞታል። አባቴ ባቡር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ፣ እንዲህ ሞቱ የተባሉ ሁለት ጓደኞቹን ቀብሯል። የመድኃኒቱ ቀን ሲደርስ ከአልጋዬ አልነሳም አለ።

«አቻምየለሽ፣ ልትገድይኝ ነው?»

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ የንስሐ አባቱን አመጣሁበት። አባቴ ግን ያኔ ኮንዶሚኒየም ካልነበረበት ኮዬ ፈጬ ድረስ ሄዶ ከአንዲት ሴት የሥር መድኃኒት አመጣና በየጠዋቱ ይጠጣ ጀመር። ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ሦስት ወር አሳለፍኩ። ፈሪ ነኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎኑን ይዞ መንገድ ላይ ቆመ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ሁሉንም ነገርኩት።

«እና መርፌው አይገድለኝም ነበር?»

«አይገድልህም ነበር።»

«ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ» አለ። ማልኩለት።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ አዲስ ሲቲ ስካን ተነሳ። ውጤቱ በደረሰ ቀን ሐኪሙ እንደ በፊቱ እኔን ብቻ ጠራኝ። ሁለት የነበረው ፍሬ ጉበቱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። «መድኃኒቱ ዕድሜ ይጨምርለታል፤ እንሰጠዋለን» አለ። «ቀዶ ጥገናው ግን ጊዜው አልፏል።»

ስወጣ አባቴ የኮቱን እጅጌ ሰብስቦ፣ ክንዱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል።

«መቼ ያወጡልኛል አሉ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ለውሸት የፈጠነው አፌ አሁን አልታዘዝ አለኝ።

«አያወጡልህም አባዬ። ረፍዷል። ያዘገየሁህ እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። እጅጌውንም አላወረደም።

«በይ ጥሪያቸው» አለ፣ «ይውጉኝ።»