የዳኛው መሐላ

ዳኛው ሰውአገኝ ፊሽካውን ነፍቶ ወደ ፍፁም ቅጣት ምቱ ነጥብ ሲያመለክት፣ ባንቺዓለም ከጎሉ ጀርባ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር። ልጇ ምስጋኑ ትከሻውን በመዳፉ እየመታ ዳኛውን ሲለማመጥ አየችው። ኳሷ እዚህ ነው የነካችኝ፣ እጄን አይደለም ይላል። ማን ይስማው። የፍላቂት ልጆች መትተው አገቡ፣ ላሊበላ ተሸነፈች፣ ዋንጫው በሚኒባስ ተጭኖ ወደ ፍላቂት ሄደ።

ዋንጫው ለእሷ ምኗም አልነበረም። በዚያ ቀን ግን ለዞኑ የወጣቶች ቡድን ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች ከወልድያ መጥተው ነበር፤ ምስጋኑንም ዓይናቸው ውስጥ አስገብተውት ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ አንደኛው፣ እጁን መሰብሰብ የማይችል ተከላካይ ወስደን ምን ልናደርገው ነው አለና መኪናው ውስጥ ገባ። ባንቺዓለም መኪናው አጠገብ ነበረች።

ሜዳው ላይ ግርግር ሆነ። የላሊበላ ወጣቶች ዳኛውን ከበው ያዙት። ሽማግሌዎች ገብተው፣ አንተ መምህር ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረን ቢሉት፣ ሰውአገኝ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ፣ «አሸተን ማርያምን! በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። በዚያ አገር ተራራው ላይ ያለችውን ማርያምን ጠርቶ ከማለ ሰው ጋር የሚከራከር የለም። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ።

ባንቺዓለም ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ክፉውን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ሰማይ ሲጠቁር በረዶ፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ ነው የሚታያት። አሁንም ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ልጇ ከቡድኑ ሲቀር፣ ሲከፋው፣ ትምህርቱን ሲተው፣ ከደላላ ጋር ሲማከር፣ በጂቡቲ በረሃ ውኃ ሲጠማው። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ፊሽካ ነው። ፊሽካውን የነፋውም እዚሁ ሰፈር፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እየሳቀ ይመላለሳል። የምትሠራበት ሆቴል አንሶላ ስታጥብ የምትጨምቀው የሰውአገኝን አንገት ይመስላት ጀመር።

ባሏ ቄስ በእውቀቱ ኳስ አያውቁም፤ ሚስታቸውን ግን ያውቃሉ። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጥርሷን ነክሳ ባገኟት ቁጥር፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ተይው ይሏታል። እሺ ትላቸዋለች። ትቶ የሚያድር ሆድ ግን አልነበራትም።

መንገዱን ያገኘችው ከአባስ ነው። አባስ የእንግሊዝን ኳስ በትልቅ ስክሪን የሚያሳይ፣ በአካባቢው ጨዋታ ሲኖር ደግሞ በስልኩ የሚቀርጽ ሰው ነው። ከእሱ ቤት የተነሣ በከተማው ቫር፣ ማለትም ዳኛው የወሰነው በቪዲዮ ተመልሶ ይታይ፣ የማይል ሰው የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንኳ ቫር ይታይልኝ ይባባላሉ። ባንቺዓለም አንድ ከሰዓት ሄዳ፣ የዚያን ቀኑን ቀርጸህ እንደሆነ አሳየኝ አለችው። ቤቱ በሰው ጫጫታ ተሞልቶ ስለነበር፣ በር ላይ ቆመው ምስሉን ብቻ አዩት። አባስ በጣቱ እያዘገመ አሳያት። ኳሷ ተነሣች፣ መጣች፣ የምስጋኑን ትከሻ ከእጅጌው ስፌት በላይ ገጭታ ወጣች።

«ትከሻ ነው፤ ወላሂ ትከሻ ነው» አለ አባስ።

እሷ ግን ልጇን ማየት ትታ ነበር። ያየችው ዳኛውን ነው። በዳኛውና በልጇ መካከል ረጅሙ የፍላቂት አጥቂ እንደ ግንብ ቆሟል። ሰውአገኝ ኳሷን ቀርቶ የምስጋኑን ጫማ እንኳ ሊያይ አይችልም ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ በማርያም የማለው ይህ ሰው ነው። ከሆዷ የሆነ ነገር ሞቅ እያለ ወጣ፤ ደስታ ነበር።

አባስ፣ ለመልማዮቹ አሁኑኑ በቴሌግራም ልላክላቸውና ነገሩ ይለቅ ብሎ ነበር። አይሆንም አለችው። በቴሌግራም የሚላክ ነገር ሰውአገኝን ምን ያደርገዋል? እሱ በሰው ፊት ነው የማለው፤ በሰው ፊት ይዋረድ። ቅዳሜ የሚደግፈው የእንግሊዝ ቡድን ሲጫወት ሁሌም የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። በዕረፍት ሰዓት አሳይልኝ አለችው። አባስ አመነታ፤ ደንበኛዬ ነው አለ። ፊቷን ሲያይ ግን እሺ አለ።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ምስጋኑም ከጓደኞቹ ጋር ከኋላ ቆሟል፤ እናቱ ነጠላዋን አጣፍታ ስትገባ አይቶ ግራ ተጋባ። ሴት ወደዚያ ቤት ብዙም አትገባም። ዕረፍት ሲሆን አባስ ስልኩን ከስክሪኑ ጋር አገናኘው። የላሊበላ ሜዳ በግድግዳው ሙሉ ተዘረጋ። የድምፅ ማጉያውም ክፍት ነበር።

ኳሷ ተነሣች። ከዚያ ከሁሉ ድምፅ በላይ አንዲት ሴት ስትጮኽ ተሰማ። «እጅህን! እጅህን!» ንፋሱ ቃሉን እየቆረጠ፣ ሁለተኛው «እጅ!» ብቻ ሆኖ ቀረ። ፊሽካ ተነፋ።

ቤቱ ውስጥ ያንን ድምፅ የማያውቅ አልነበረም። አንገቶች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ሰውአገኝ ቀስ ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ አሁን ደም ተመለሰበት።

«ይኸው ሰማችሁ» አለ። «የራሱ እናት እጅ፣ እጅ እያሉ ሲጮኹ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ሰብስብ ማለቴ ነው!» አለች ባንቺዓለም። «እጅህን ሰብስብ ልለው ነበር።»

«እኔ የሰማሁት እጅ ነው፣ እትዬ። ፔናሊቲውን የሰጡት እርስዎ ነዎት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ ቫር ክፍሉ ከጎሉ ጀርባ ኖሯል አለ፤ ሌላው፣ ለፍላቂት ዋንጫ አንሺ ብሎ ጨመረ። ባንቺዓለም ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የልጇን ፊት ማየት አልቻለችም። ልትወጣ ዞራ፣ በሩ ላይ ደርሳ፣ አንድ ቃል እግሯን ያዘው። ተመለሰች።

«የሰማሁት ነው ያልከው?»

«አዎ፣ የሰማሁት።»

«አሸተን ማርያምን ጠርተህ የማልክስ? ሰምቻለሁ ብለህ ነው፣ አይቻለሁ ብለህ?»

ሳቁ ቆመ። ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ በጣታቸው እያማተቡ ተነሥተው ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ ሰውአገኝ ግን ቡድኑን ሳያይ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ፊሽካ የሚሰጠው አልተገኘም። የንስሐ አባቱም በሐሰት በማለባት ደብር ሄዶ እንዲሰግድ አዘዙት አሉ። ባንቺዓለም ተራራውን ሲወጣ ከሆቴሉ ጓሮ አየችው። ዝናብ ጀምሮ ነበር። መንገዱ እንደሚያንሸራትት ታውቃለች፤ ዝናቡ ይቁምለት ብላ ግን አልጸለየችም። አንሶላዎቿን ከገመድ አውርዳ፣ ጣራ ሥር ቆማ፣ እስኪሰወር ድረስ ተመለከተችው።

አባስ ቪዲዮውን ለመልማዮቹ ላከ፤ ምስጋኑም ወልድያ ተጠራ። ስትመኘው የነበረው ሁሉ ተፈጸመላት። ሰፈሩ ግን ስሟን ለውጦት ነበር፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ስታልፍ «እጅህን!» ይሏታል። ምስጋኑ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ካልሲዎቹን አጣጥፋ ብትሰጠው ተቀብሎ መልሶ ፈታቸውና እንደገና አጣጠፋቸው።

«እማ» አለ ቀና ሳይል፣ «ወልድያ ስጫወት እንዳትመጪ።»

ልመጣ አላሰብኩም አለችው። አስባ ነበር፤ ፈቃድ ሁሉ ጠይቃ ነበር።

ሚኒባሱን ሸኝታ ስትመለስ ሰውአገኝን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘችው። ከመንገዱ ወርዶ፣ እንዴት ዋሉ እትዬ አላት። ይቅርታ ሊጠይቃት እንደፈለገ ገብቷታል። አልፋው ሄደች። የማታውቀውን የወልድያ ዳኛ እያሰበች ነበር። እሱም ዓይኑ ቢጋረድስ? እሱም በማርያም ቢምልስ? እዚያ ለልጇ ማን አለለት?

በቀጥታ አባስ ቤት ሄደች። ለምስጋኑ ጨዋታ ወልድያ እንደሚወርድ ሰምታለች። አባስ ገና ሲያያት ሳቀ፤ ልጅዎን ከአንደኛው ደቂቃ ጀምሬ እቀርጽልዎታለሁ፣ አያስቡ አላት።

«ልጄን ተወው» አለችው። «ኳሷንም ተዋት። ዳኛውን ቅረጽልኝ።»